ከግድግዳው ካላንደር ጋር የተስማማው ኮምፒውተር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው ፊት ማስቀመጥ ነበር።

ባለቤቴ መምህር አየነው ምሳሌውን የጀመረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ዳንግላ፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ይልጥልኝ ነበር። የባለቤቴ ፎቶ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ንግግሩ ግን የትም አልተቀመጠም። ስለዚህ እሱ እንዳለው አድርጌ፣ በተቻለኝ መጠን፣ እጽፈዋለሁ።

ጠያቂዋ ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት። ልጇ ወይንሸት ከብዙ ዓመት በኋላ ከቤይሩት ተመልሳ ነበር። ከተማው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጨርሶ፣ ድግሱ አልቆ፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀርተዋል። ጥሩወርቅ ያን ቀን መጥታ ከደረጃችን ላይ ቁጭ አለችና አንድ እፍኝ ሽንኩርት ከሳፋው አንስታ መላጥ ጀመረች። ዓይኗን ከእጇ ሳታነሳ ነው የጠየቀችው።

«መምህር፣ የወለድኩትን ልጅ አላውቃትም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ምን አደረገችሽ?» አላት።

«ምንም አላደረገችኝም። እሱ ነው የከፋው። ስትሄድ ስጠራት አቤት የምትል፣ የሰጠኋትን የምትበላ ልጅ ነበረች። የመጣችው ሌላ ሰው ናት። መብራት አብርታ ነው የምትተኛ። አጥፍቼላት ስወጣ ተነሥታ መልሳ ታበራዋለች። እኔ ሳህን ላነሳ ስል ቀድማ ትነጥቀኛለች፣ እንግዳ እንደሆንኩ። ስቆጣት ደግሞ ዝም ብላ ታየኛለች። ትናንት በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ እሄዳለሁ አለችኝ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ሂጂ ልበላት? ወይስ ጸበል ወስጄ እንደ ድሮዋ እስክትሆን ድረስ አብሬያት ልቀመጥ?»

ባለቤቴ ወዲያው አልመለሰላትም። ዕድሜውን ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ጥያቄ ሲቀርብለት መጀመሪያ ካርታ የሚዘረጋ ይመስል ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሰው ነበረ ያለው። ቀጥሎም እንዲህ አለ።

ሰውየው በአንዲት ከተማ ፎቶ ቤት ነበረው። ሰርግ ያነሳል፣ ክርስትና ያነሳል፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሳል። ሰው ሲሞትም ወደ እሱ ይመጣሉ። ለልቅሶው ድንኳን፣ ለአርባው የሚሆን ምስል አውጣልን ይሉታል። እሱም ካነሳቸው ሥዕሎች መካከል ሟቹን ፈልጎ፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው ቆርጦ፣ አሳድጎ፣ ፍሬም አግብቶ ይሰጣቸዋል።

የሚያነሳው እየበዛ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ሞላ። ስለዚህ አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ገዛ። የጸሎት መጽሐፍ የምታህል ጥቁር ሣጥን ናት፤ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ትያያዛለች። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ባክአፕ የሚያደርግ ፕሮግራም ጫነ። ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ሣጥኗን ይሰካታል። ፕሮግራሙ ያያታል፣ ያውቃታል፣ የዕለቱን ሥዕል አጣጥፎ ያስገባባታል፣ ቀኑንም ይጽፍባታል። ሰውየው የቆዩትን ሥዕሎች ከኮምፒውተሩ ላይ እየሰረዘ ለአዲሶቹ ቦታ ይለቃል። በዚህ ዓይነት ሲሠራ ቆይቶ፣ የዚያ ከተማ ሰው ፊት ያለው በዚያች ሣጥን ውስጥ ብቻ ሆነ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነበር። ሆዱ ውስጥ የእጅ ሰዓት ባትሪ የምትመስል ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። መብራት ቢጠፋም ቀንና ሰዓት እንዳይረሳ የምታደርገው እሷ ናት። ያቺ ባትሪ አልቃለች። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ከረጅም እንቅልፍ እንደነቃ ሰው፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ሰዓቱስ፣ ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ስልኩን አይቶ የፈረንጁን ቀን ይሞላለታል። ባትሪዋን ነገ እቀይራታለሁ ይላል። መብራቱ ደግሞ ነገን ሳይጠብቅ ይጠፋል።

«እንግዲያው ሰውየው የኛው ከተማ ሰው ነው» አለች ጥሩወርቅ።

ባለቤቴ ሳቀና ቀጠለ።

ሰውየው አባት ነበሩት። ዕድሜያቸውን በፖስታ ቤት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሥራቸው ደብዳቤ ላይ ማኅተም መምታት ነበር። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የማኅተሙን ቁጥር አዙረው የዕለቱን ቀን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ደብዳቤ የሚነኩት። ቀኑ የተሳሳተ ማኅተም ለእሳቸው ከውሸት አይለይም። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየጠዋቱ ልጃቸው ሱቅ ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር የትናንቱን ቅጠል ይገነጥላሉ። ያን ሲጨርሱ የዕለት ሥራቸውን የፈጸሙ ያህል አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላሉ።

ጥር ገባ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ፎቶ አንሺ በጥር ቤቱን አያይም። ሰውየው ካሜራውን ይዞ ገጠር ወረደ፤ ሱቁን ለአባቱ ተወላቸው። በዚያ መካከል መብራት ሄዶ መጣ። አባትየው ልጃቸው ሲያደርግ እንዳዩት ቁልፉን ጫን አድርገው ኮምፒውተሩን አስነሱት። ኮምፒውተሩም እንደ ልማዱ ቀኑን ጠየቀ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አጠለቁ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ቢሆንም የቀኑን፣ የወሩንና የዓመቱን ባዶ ቦታ መለየት ለፖስታ ቤት ሰው አይከብድም። ወደ ግድግዳው ዞር አሉ። ቀኑን አይተው ሞሉ። ጥር አምስተኛ ወር ነው፤ አምስት ብለው ሞሉ። ዓመቱ 2015 ነው፤ እሱንም ሞሉ። ሰዓቱን ከእጃቸው ሰዓት ላይ አነበቡለት። ኮምፒውተሩ እሺ ብሎ ተቀበለ። እሳቸውም ማኅተሙን ያስተካከሉ ያህል ረክተው ተቀመጡ።

ልጅየው ከሰርጉ ሲመለስ ሣጥኗን ሰካ። ፕሮግራሙ፣ ይህን ዲስክ አላውቀውም አለው። ከታች ደግሞ፣ እንደ አዲስ ላዘጋጀው? በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሚል ጽሑፍና አንድ ቁልፍ አለ።

ሰውየው ነቅሎ ሰካት። አላውቀውም አለ። በሌላ ቀዳዳ ሰካት። አላውቀውም አለ። ገመዱን ቀየረ፣ አቧራዋን እፍ አለ፣ በጨርቅ ጠረጋት። ማሽኑ ያው ነው። ኢንተርኔት ከፍቶ መፍትሔ ሊፈልግ ቢሞክር ገጹም አልከፈት አለው። ኔትወርክ ነው ብሎ ተወው። ለኔትወርክ ምክንያት የሚፈልግ ሰው የለም።

መብራት ቢጠፋ ኖሮ ኮምፒውተሩ እንደገና ቀኑን ይጠይቀው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። ያን ሰሞን ግን መብራቱ ጨዋ ሆነ።

ሣጥኗን ይዞ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። ጠጋኙ በራሱ ማሽን ላይ ሰካት። መብራቷ በራ፤ ሆዷ ውስጥ ስትሽከረከርም ተሰማች። ውስጧን ሲያይ ግን ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አጣጥፎ ያስቀመጠውን መፍታት የሚችለው ያው ፕሮግራሙ ነውና።

«ወንድሜ፣ ተበላሽታለች» አለው ጠጋኙ። «ፎርማት አድርጋትና እንደ አዲስ ጀምር። ሣጥኗ እንኳ ትትረፍልህ።»

«የነበረውስ?»

«የነበረውማ ነበር።»

ሰውየው ሣጥኗን በኪሱ ይዞ ተመለሰ። የሰርጉ ሥዕል ካሜራው ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሞልቷል፤ የሙሽራዋ ወንድም ደግሞ አልበሙ የት ደረሰ እያለ ይደውላል። ያቺን ቁልፍ ቢጫን ቢያንስ ከዛሬ ጀምሮ ያለው መግቢያ ያገኛል። ልቡ ወደዚያ ማዘንበል ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ገበሬ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሚስቴ አርፋለች» አለ። «አርባዋ እሑድ ነው። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ፎቶ የተነሳችው። የእህቷን ልጅ ስንድር አንተ መጥተህ አንስተሃል። እዚያ ሰው መካከል አለች። ቢጫ ሻሽ አስራለች።»

ፎቶ አንሺው ሰርጉን አስታወሰው። ሥዕሉ ከሣጥኗ ውስጥ ነው።

«ማስቀመጫዬ ታማብኛለች፤ ትንሽ ታገሠኝ» አለው።

«እኔስ እታገሣለሁ። የማይታገሠኝ ፊቷ ነው። በልቤ ይዤው ነበር። ሰሞኑን ላስታውሳት ስል አፍንጫዋ የእህቷ ይሆንብኛል።»

እዚህ ላይ ባለቤቴ መላጡን አቆመ።  ያኔ ምን ሆንክ ብዬ አልጠየቅኩትም። አሁን፣ እሱ ካረፈ ወዲህ፣ ሳልጠይቅ ገብቶኛል። ከዚያ ቀጠለ።

ገበሬው አግዳሚው ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። ሽማግሌው የነፍስ ይማርን ቃል ተናግረው ሲያበቁ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያው ጠየቁት። ልጃቸው ጀርባውን ሰጥቷቸው ሣጥኗን እንደገና ይሰካል፣ ይነቅላል። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ዞር ሳይል ተናገረ።

«ልዋሽህ አልፈልግም። ሣጥኗ ሞታለች፤ ሥዕሉም አብሮ ጠፍቷል።»

ገበሬው አልተቆጣም። ቁጣ ቢያወጣ ለፎቶ አንሺው ይቀልለት ነበር። ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ብድግ አለ።

«ይሁን» አለ። «እንግዲህ በልጆቿ ፊት እፈልጋታለሁ።»

ፎቶ አንሺው በዚያች ሰዓት ቆረጠ። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት እዚያ ቁልፍ ላይ አደረሳት፤ ጣቱንም ማውሱ ላይ አስቀመጠ። በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል የሚለውን አንድ ጊዜ አነበበው።

ገበሬው ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ስንት ሰዓት ነው? የኛ ሀገር መኪና እንዳያመልጠኝ» አለ።

ፎቶ አንሺው ወደ ኮምፒውተሩ ጥግ አየና፣ «ለአራት ሩብ ጉዳይ» አለው።

ካለው በኋላ ጣቱ አልንቀሳቀስ አለ። መልሱ ያለወትሮው ቀሎት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም። እንደገና አየ። ያነበበውን እንዳለ ነው የተናገረው። ስድስት ሰዓት አልቀነሰም። ያ ኮምፒውተር ዕድሜውን በሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ነበር የሚቆጥረው፤ እሱም ሰው ሰዓት ሲጠይቀው በሆዱ ስድስት ሳይቀንስ ነግሮ አያውቅም። ከሰዓቱ ሥር ያለውን ቀን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ቀኑ አንድ ነው። ወሩ አንድ ነው። ዓመቱም አንድ ነው። ያ ኮምፒውተርና ያ ግድግዳ ፊት ለፊት ሲተያዩ ኖረዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ተስማምተው አያውቁም።

ጣቱን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«አባባ።»

«አቤት።»

«ይሄን ኮምፒውተር ነክተውታል?»

«እኔ? ምን አግብቶኝ።»

«ቀኑን ማለቴ ነው።»

«እሱንማ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።»

«ምን ብለው ነገሩት?»

«ዛሬን ነዋ! እዚያ የተሰቀለውን። ዋሸሁ?»

ልጅየው ሽማግሌውን አያቸው። 

«አልዋሹም» አለ።

አልዋሹም። ማንም በዚያ ቤት የዋሸ የለም። ግን ለእኛ 2015 የሆነው በፈረንጁ አቆጣጠር 2023 ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ 2015 ሲባል ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ። ሣጥኗ የተገዛችው ከዚያ ወዲህ ነው። ፕሮግራሙ በላይዋ ያለውን ቀን ቢያይ ሁሉም ለእሱ ገና ያልነጋ ቀን ነው። ገና ካልነጋ ቀን የመጣችን ሣጥን ከየት ያውቃታል? ስለዚህ አላውቃትም ያለው እውነቱን ነው። የኢንተርኔቱ ገጽ አልከፈት ያለውም በዚሁ በተዛባ ቀን ምክንያት ነው። ሣጥኗ ጤነኛ ናት። ገመዱ ጤነኛ ነው። ሣጥኗና ኮምፒውተሩ የቆሙት ግን በተለያየ ዓመት ላይ ነው።

ፎቶ አንሺው የፈረንጁን ቀን ሞላ። ሣጥኗን ነቅሎ ሰካት። ፕሮግራሙ ትንሽ አሰበና አወቃት፤ በመጨረሻ የተገናኙበትን ቀን እንኳ ጠቅሶ ተናገረ። ሰርጉን ፈልጎ አወጣው። ከድንኳኑ መካከል ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት አለች። አሳደጋት።

ሴትየዋ ወደ ካሜራው አታይም። ትሪ ተሸክማ በሰው መካከል ስታልፍ፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ነው የተነሳችው።

ገበሬው ተጠግቶ አጎነበሰ። ብዙ አየ።

«እየተሳደበች ነው» አለ።

«ማንን?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔን።»

ከዚያ ተቀመጠ። መኪናው አመለጠው፤ እሱ ግን አልተነሳም። አፍንጫዋ የራሷ ነው አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሽማግሌው ነገሩ ሲገለጥላቸው አዘኑ። ልጃቸው አጽናናቸው፤ ባትሪዋን ግን ያው ነገ እቀይራታለሁ እያለ ጥቂት ቆየ። እስክትቀየር ድረስ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን ያጠልቁና፣ «የማንን ነው የምትፈልገው?» ይሉት ነበር።

ባለቤቴ ሽንኩርቱን ሳፋው ውስጥ ጣለ። ምሳሌው እዚያ ላይ አበቃ።

ጥሩወርቅ ትንሽ ጠበቀች። «ገበሬው ሚስቱን አገኘ፤ ደስ ይላል» አለች። «የኔ ጥያቄስ?»

ባለቤቴ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ያንቺማ እንዲህ ነው። አንቺ ኮምፒውተሩ ነሽ።»

«ምነው መምህር! ሌላ የሚመስለኝ አጥተው?»

«ሽማግሌውም አንቺው ነሽ፣ ከፈለግሽ። ወይንሸትን አውቶቡስ ተራ ሸኝተሽ የተመለስሽ ዕለት ልብሽ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም የዚያን ዕለት ቀን ሞላሽለት። አልጋዋን እንዳለ አቆየሽ። ቀሚሷን በየክረምቱ መውጫ አጥበሽ መልሰሽ አጠፍሽው። አየሁሽ እኮ፣ አጥር ነው የሚለየን። ሰው ስለ ወይንሸት ሲጠይቅሽ የምትነግሪው ስለዚያች የተሳፈረች ልጅ ነው። አልዋሸሽም። ያን ቀን የሞላሽው በፍቅር ነው። ካላንደርሽ ግን ከዚያ ወዲያ አልተገነጠለም።»

ጥሩወርቅ እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት ይዛ ቀረች።

«እሷ ደግሞ አንቺ ያልቆጠርሻቸውን ዓመታት ኖራ፣ አጣጥፋ ይዛቸው መጣች» አላት። «አሁን ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል። በእሷ ላይ የምታይው ሁሉ፣ መብራቱም፣ ሳህኑም፣ ዝምታውም፣ አንቺ ገና ካልደረስሽበት ቀን የመጣ ነው። ስለዚህ አላውቃትም አልሽ። ኃጢአት አይደለም፤ እውነትሽን ነው፣ አታውቂያትም። አላነበብኳትም ማለትና ተበላሽታለች ማለት ግን ለየቅል ነው። ጠጋኙ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው።»

«ጸበሉስ ምን ክፋት አለው?»

«ጸበል መልካም ነው። ከወደደች አብራችሁ ሂዱ። ግን እንደ ድሮዋ ትሁንልኝ ብለሽ ከወሰድሻት ያችን ቁልፍ መጫንሽ ነው። በውስጧ ያለው ሁሉ ይጥፋ፣ እንደ አዲስ ትጀምር ማለትሽ ነው። እንዲጠፋ የምትፈልጊው ደግሞ የልጅሽ ዕድሜ ነው።»

ጥሩወርቅ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። አጥሩን አሻግራ ወደ ቤቷ አየች።

«እና ምን ላድርግ?»

«እሷን አትነካኪ። የራስሽን ቀን አስተካክይ።»

«እንዴት ብዬ?»

«ጠይቂያት። ለምን መብራት እንደምታበራ ጠይቂያት። መልሱን ስትሰሚ አትቆጪ፤ አታልቅሺባት። የአንዱን ዓመት ትነግርሻለች፤ በዚያ ላይ ያንቺ ካላንደር አንድ ቅጠል ይገነጠላል። ሌላ ቀን ሌላውን።»

«አንድ ሳምንት እኮ ነው የቀራት። ሰምታኝስ ብትሄድ?»

«ልትሄድ ትችላለች። መሄዷን እኔም አንቺም አንወስንም። ያኔ ግን ማንን እንደምትሸኚ ታውቂያለሽ።»

ጥሩወርቅ ተነሳች። የሽንኩርቱን ልጣጭ ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «ኮምፒውተር አሉኝ» እያለች አጥሩን ዞራ ሄደች።

ያን ምሽት የወይንሸት መስኮት እንደ ወትሮው በርቶ ነበር። እስከዚያ ዕለት ከዚያ ክፍል ድምፅ ሰምተን አናውቅም ነበር። ያን ምሽት ግን የሁለት ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንዴ አንዱ ከፍ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ባለቤቴ ራዲዮኑን ዝቅ አደረገው። ሊያዳምጥ አልነበረም፤ እንዳይረብሻቸው ብሎ ነው።

ወይንሸት በሳምንቱ ሄደች። እናቷ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝታት ስትመለስ በበራችን በኩል አለፈች። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ነበር።

«ሸኘሻት?» አላት።

«ሸኘኋት።»

«ማንን?»

ጥሩወርቅ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጨለማ የምትፈራ አሮጊት እስክትሞት ድረስ ያስታመመች ሴት» አለች። «ሌሊት አሮጊቷ በጠራች ቁጥር ቶሎ ለመነሣት መብራት አብርታ ነበር የምትተኛ። አሮጊቷ ካረፈችም በኋላ ማጥፋቱ እምቢ አላት። ለእሷ ሳህን ያነሣላት ሰው አልነበረም፤ ዓመታት ሙሉ የሰው ሳህን አንሺ እሷ ነበረች።»

ወደ ቤቷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች።

«ስሟ ወይንሸት ይባላል» አለችው። «ልጄ ናት።»